የእጅ ሥራችን በባሕር ማዶ ገበያ፦ ስለ ዋጋና ስለ ክብር

ሰው በእጁ የሠራውን ለሌላው ሰጥቶ በምትኩ የሚያስፈልገውን መቀበሉ ከጥንት የነበረ፣ ከእግዚአብሔርም ሕግ ጋር የማይጋጭ ተግባር ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከተማ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር እንደ ነበር ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል (የሐዋ. 18፥3)። በእንደዚያ ያለ ገበያ ገዢው ሰፊውን በዐይኑ ያየዋል። ዋጋው ቢበዛበት ይከራከረዋል፤ ስፌቱ ቢተረተርበት ተመልሶ ይወቅሰዋል፤ ሰፊውም የድካሙን ልክ ፊት ለፊት ይነግረዋል።

በዘመናችን ግን የእጅ ሥራ የሚሄድበት መንገድ እጅግ ረዝሟል። ከጋሞ ደጋ ከዶርዜና ከጨንቻ መጥቶ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ የሠራው ነጠላ በዋሽንግተን በሚኖሩ ወገኖቻችን ትከሻ ላይ ይታያል። የሐረር ሴቶች በልዩ ልዩ ቀለም ያስጌጡት ስፌት በአውሮፓ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የአንጥረኞች መስቀል፣ የቀጨኔ ሴቶች ሸክላ፣ በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል ሁሉ ባሕር ይሻገራል። ሠሪውና ገዢው ግን አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ አንዱ የሌላውን ኑሮ መገመት አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሠሪና ገዢ በማይተያዩበት ገበያ ሽያጭ ትክክለኛ የሚሆነው በምን ሁኔታ ነው?

ጥያቄው የታላላቅ ነጋዴዎች ብቻ አይደለም። የጥልፍ ሥራቸውን ለውጭ አገር እንግዶች የሚሸጡ የሴቶች ማኅበራት በየቁምስናችን አሉ። ወደ ውጭ ሲሄዱ በሻንጣቸው ነጠላና መስቀል ይዘው የሚሸጡ ዘመዶችም አሉን። ስለሆነም ነገሩ የሁላችንን ሕሊና ይመለከታል።

በመካከል የቆመው ሰው

በሠሪውና በገዢው መካከል ርቀት ሲኖር በመካከላቸው የሚቆም ሰው የግድ ያስፈልጋል። ይህ ሰው ነጋዴ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ወይም ዕቃ የተላከበት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን ማን ሁለቱን ወገኖች የሚያይ እርሱ ብቻ ነው። ገዢው ስለ ሠሪው የሚያውቀው እርሱ የነገረውን ያህል ነው፤ ሠሪውም ስለ ገዢው የሚያውቀው እንዲሁ ነው። በመሆኑም ይህ ሰው ከሻጭነቱ በፊት ምስክር ነው።

ስለ ንግድ ኃጢአት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስርቆትን የሚከለክለውን ትእዛዝ ነው። በሩቅ ገበያ ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ እኩል ሥፍራ አለው፤ እንዲያውም ስርቆቱ የሚገባው በሐሰት ምስክርነት በር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚህ የተነሣ በመካከል የቆመው ሰው ለሠሪው፣ ለገዢው፣ እንዲሁም ለተቀደሰው ነገር እውነተኛ ምስክር መሆን አለበት እንላለን።

ለሠሪው መመስከር

አንድ ነጠላ ከመለበሱ በፊት በስንት እጅ እንደሚያልፍ እናስብ። ጥጡ ይዳመጣል፤ ይባዘታል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ተደውሮ ድሩ ይደራል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ማጉን ያገባል፤ ጥበቡንም ክር በክር ቆጥሮ ያወጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከመጨረሻው ዋጋ ላይ ለእነዚህ እጆች የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ የምትረሳው ደግሞ ፈታይዋ ናት፤ ሸማኔው ሲመሰገን እንኳ የእርሷ ስም አይነሣም።

ነጋዴው ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም ሊሰማ ይገባል። «የጭነቱን ዋጋና የጉምሩኩን ቀረጥ የከፈልሁ እኔ ነኝ፤ ያልተሸጠው ዕቃ በእጄ ሲቀር ኪሳራው የእኔ ነው፤ ሸማኔውም በዋጋው ወዶ ተስማምቷል» ይላል። የንግግሩ የመጀመሪያ ክፍል እውነት አለው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እንዳስተማረው ነጋዴ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ፣ ለድሆች መርጃ ወይም ለድካሙ ዋጋ አድርጎ የሚያገኘው መጠነኛ ትርፍ ኃጢአት አይደለም። ነጋዴ ባይኖር የሸማኔው ሥራ ከሰፈሩ አይወጣም ነበርና ድካሙን አንንቅም።

«ወዶ ተስማምቷል» የሚለው ግን መመርመር አለበት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት፣ ከስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለና ሰው ከችግሩ የተነሣ ብቻ የሚቀበለው ውል ግፍ ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት መልእክት ይህንኑ ትምህርት በአገሮች መካከል ወደሚደረገው ንግድ አስፋፉት፤ የተስማሚዎቹ አቅም እጅግ የተራራቀ ሲሆን ስምምነታቸው ብቻውን የውሉን ፍትሐዊነት አያረጋግጥም አሉ። ልጁ የታመመበት ሸማኔ ነጠላውን በተሰጠው ዋጋ ቢሸጥ አፉ እሺ ብሏል፤ እሺ ያሰኘው ግን ችግሩ ነው። የተራበን ሰው እሺታ ለራስ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ራሱ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሌሎች ክርስቲያኖች በዚህ ረገድ የጀመሩት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድና ሩት ባይለር የተባሉ አሜሪካዊት የሜኖናይት ምእመን ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደው የድሆች ሴቶችን የጥልፍ ሥራ አዩ። ጥልፉንም ገዝተው በአገራቸው በመኪናቸው ይዘው እየዞሩ ለወዳጆቻቸው መሸጥ ጀመሩ። ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው እንቅስቃሴ መነሻዎቹ ከሆኑት አንዱ ይህ ትንሽ ሥራ ነው። ዛሬ የዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል፣ የእጅ ሥራ ያዘዘ ገዢ ሠሪዎቹ ከጠየቁት ቢያንስ ግማሹን ዋጋ ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል የሚለው ይገኝበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድሃው ሸማኔ ክር የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው ተበድሮ ይሠራል፤ ትርፉም ለአበዳሪው ይሆናል።

ለሠሪው መመስከር ስለ ገበያው እውነቱን መንገርንም ይጨምራል። ዕቃው በውጭ አገር በስንት እንደሚሸጥና ወጪው ምን ያህል እንደ ሆነ ሠሪው የማወቅ መብት አለው። ገበያው ሊዘጋ እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ታስገባበት ከነበረው አጎዋ ከተባለው ዕድል እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጥታለች። ይህ ውሳኔ በሩቅ የተወሰነ ሲሆን፣ የጎዳው ግን በውሳኔው ምንም ድርሻ ያልነበራቸውን ሠራተኞች ጭምር ነው። እንጀራውን ሁሉ በአንድ ሩቅ ገዢ ላይ እንዲጥል ሸማኔውን የሚመክር ሰው መልካም ወዳጅ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የከበደ ሌላ ነገር አለ። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት «ትማራላችሁ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከትምህርት ገበታ ርቀው ረጅም ሰዓት በሽመና እንደሚሠሩ በጥናት ተረጋግጦ ተጽፏል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ከሚመረቱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶት ቆይቷል። እንዲህ የምንለው ልጆቻቸውን በፍቅር ሙያ የሚያስተምሩትን ብዙ ቅን ሸማኔዎች ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጥበቡ ያማረ ነጠላ ስናይ የማን እጅ እንደ ሠራው ሳንጠይቅ ብናልፍ፣ በዚያ ልጅ ላይ በዝምታችን መሰከርንበት ማለት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስተማሩት መግዛት ምንጊዜም ከገንዘብ ጉዳይነቱ አልፎ የግብረ ገብ ተግባር ነው፤ መሸጥም እንዲሁ ነው።

ለገዢው መመስከር

ድሃ ለሆነው ሠሪ መቆርቆር ቀላል ነው፤ ሀብታም ለሆነው ገዢ እውነትን መናገር ግን ለብዙዎች አስፈላጊ አይመስላቸውም። ትናንት የተሠራን መስቀል በጭስ አጥቁሮ የጥንት ነው ማለት፣ በአሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ሥሎ የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ መስጠት፣ ተራውን ነጭ ብረት ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው ብሎ መማል፣ በፋብሪካ የታተመ ጥበብን በእጅ የተሸመነ ማለት በገበያችን የማይሰማ ነገር አይደለም። «ፈረንጅ ነው፣ ምን ይጎድልበታል?» የሚል ማመካኛም አብሮ ይሰማል።

ቅዱስ ቶማስ ስለ ሽያጭ ባስተማረው ትምህርት፣ ሻጭ ለገዢው ያልታየውን የዕቃውን ጉድለት የመግለጥ ግዴታ እንዳለበት ያሳያል። ገዢው ሩቅ አገር በሚኖርበት ጊዜ ደግሞ ሊያይ የማይችለው ጉድለት ይበዛልና ግዴታው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። በተጨማሪም ሐሰቱ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። የታተመው ጨርቅ በእጅ ሥራ ስም ሲሸጥ ሳምንት ሙሉ የሸመነው ሰው ዋጋ ይወድቅበታል፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢም እውነተኛውን አንጥረኛ አያምነውም። እንግዲህ ባለጠጋውን አታለልሁ ያለው ሰው ድሃውን ወንድሙን ጎድቷል።

መልካም የሚመስል አንድ ሌላ ሐሰትም አለ፤ እርሱም በርኅራኄ መሸጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለበጎ ሥራ ስንሸጥ «ሠሪዎቹ ችግረኞች ናቸውና እዘኑላቸው» እንላለን። ምጽዋት ቅዱስ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምጽዋት ምጽዋት ተብሎ፣ ሽያጭም ሽያጭ ተብሎ ይጠራ። ሐረር ውስጥ ከእናቷ የተማረችውን ስፌት ለብዙ ቀናት የሰፋች ሴት ሥራዋ ስላማረ ዋጋ ይገባታል። ሥራዋን በእንባ ብንሸጠው ገንዘቡን ብናገኝላትም ክብሯን ወስደንባታል፤ ሥራው በራሱ ዋጋ የለውም ብለን መስክረናልና። በእዝነት የገዛ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ገዝቶ ያልፋል፤ ሥራውን የወደደ ግን ተመልሶ ይመጣል።

የማይሸጠው

እስከ አሁን የተናገርነው ሊሸጥ ስለሚችለው ነገር ነው። ለሽያጭ ተብሎ የተሠራ መስቀል ወይም ሥዕል መሸጡ ነቀፋ የለበትም፤ አንጥረኛውም ሠዓሊውም በእርሱ ይኖራሉ፤ የገዛውም ሰው ሊጸልይበት ይችላል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ የተለየ፣ ትውልድ የሳመውና የጸለየበት ነገር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና የቅዱሳን ዐፅም እንዳይሸጥ ፈጽሞ ይከለክላል፤ በቤተ ክርስቲያን የተቀመጡ በጥንታዊነታቸው ወይም በጥበባቸው የከበሩ ሥዕሎችም ሥልጣን ባለው አካል የጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ ከእጅ እንዳይወጡ ያዛል። የአገራችንም ሕግ፣ በተለይ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል።

ሽያጭ ስርቆትን እንደማያነጻ ታሪካችን ያስተምረናል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጽላትን፣ መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን ዘርፎ ከሄደ በኋላ ብዙው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሮች ተከፋፈለ። ጨረታው በሥርዓት ስለ ተካሄደ ዝርፊያው ዝርፊያ መሆኑ አልቀረም። በቅርብ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል በአንድ የቤልጂየም ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። የመጀመሪያውን በደል የሠሩት የውጭ ወታደሮች ነበሩ፤ የሁለተኛው ግን የጀመረው በአገራችን ውስጥ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ፍርዳችን ምሕረትን እንዳይረሳ እንጠንቀቅ። ከአያቱ የወረሰውን የብራና ዳዊት ልጆቹን ለመመገብ ያወጣ ገበሬ ሲኖር ተቀዳሚው ጥፋት የማን ነው? መጽሐፉን ቅጠል በቅጠል ገንጥሎ በየሥዕሉ የሚቸረችረው ነጋዴ ከገበሬው ይልቅ ጥፋቱ የከፋ ነው። ከዚያ በፊት ግን እኛ ጎረቤቶቹ አለን። የተራበ ወንድማችን የጸሎት መጽሐፉን እስኪሸጥ ድረስ ካላየነው «ቅርስ አጠፋ» ብለን የምንከስበት አፍ ከወዴት እናገኛለን? ቅርሱን የሚጠብቀው ሕግ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው የደረሰ የጎረቤት እጅም ይጠብቀዋል።

ቅርብ ሆኖ የራቀው

ባሕሩ ካመጣው ርቀት ይልቅ የሚያሳዝነው በአንድ መንደር ውስጥ ያለው ርቀት ነው። በአገራችን ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። በአንዳንድ ሥፍራ በጋብቻ ተለይተዋል፤ በማዕድ ተገልለዋል፤ ዐይናቸው እንደሚበላ ተወርቶባቸዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ጥልቅ ሥር ስለ ነበረው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ጨርሶ አልጠፋም። የሸክላውን ጀበና ለእንግዳ በኩራት እናሳያለን፤ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ግን ለልጃችን አንድርም። ነጠላውን ለብሰን እንቀድሳለን፤ ሸማኔውን ግን በሙያው እንጠራዋለን፤ ጥሪውም ስድብ ነው።

ይህ ከሁሉ የከፋ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በእግዚአብሔር ሥጦታ ላይ የሚመሰከር ነውና። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የወርቅ፣ የብር፣ የድንጋይና የእንጨት ሥራ እንዲሠራ በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን (ዘጸ. 31፥1-5)። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን እያነሣ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆም ያስተምራል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በአናጢው በቅዱስ ዮሴፍ ቤት አደገ፤ የአገሩ ሰዎችም በዚያ ሙያ ምክንያት ንቀውት ነበር (ማር. 6፥3)። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር የሚመዘነው በሥራው ዓይነት ሳይሆን የሚሠራው ሰው በመሆኑ ነው ብለዋል። እንግዲህ የውጭ አገር ሰው በሙዚየም መስታወት ውስጥ አስቀምጦ የሚያደንቀውን እጅ እኛ በቤታችን ብንጸየፍ፣ የባሕር ማዶውን ነጋዴ በፍትሕ ጉድለት ለመውቀስ ድፍረቱ ከየት ይመጣልናል?

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ብቻውን ዋጋ ሊከራከር የማይችል ሸማኔ ከባልንጀሮቹ ጋር በማኅበር ሲቆም ድምፁ ይሰማል። ቁምስናዎቻችን ሠሪዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ፣ የሒሳብ ትምህርት፣ ከሩቅ ገዢ የመጣ ደብዳቤ የሚያነብላቸውና መልስ የሚጽፍላቸው ሰው በማዘጋጀት ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። በተለይ ፈታዮቹ ሴቶች በማኅበሩ ውስጥ ስምና ድርሻ እንዲኖራቸው ማድረግ ከእኛ ይጠበቃል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ስለ ትእዛዛት በምታስተምሩበት ጊዜ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለውይይት ብታቀርቡ ይጠቅማል እንላለን። የምንሸጠውን ዕቃ ማን ሠራው፣ ስሙንስ እናውቃለን? ሠሪው የመጨረሻውን ዋጋ ቢሰማ በፊቱ ሳናፍር ልንቆም እንችላለን? ገዢው ሠሪውን ቢያገኘውና ቢጠይቀው እኛ የነገርነው እውነት ሆኖ ይገኛል? ይህ ዕቃ የእኛ ነው ወይስ ለልጆቻችን በአደራ የተሰጠን? የሠራውን ሰው በማዕዳችን ላይ እናስቀምጠዋለን?

እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን ንግዳችንንም ልባችንንም ይፈትሻል። ሠሪውና ገዢው በዚህ ዓለም ላይተያዩ ይችላሉ። ሁለቱንም የፈጠረ፣ የእጃቸውንም ድካም የሚቆጥር እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ያያል፤ በመካከላቸው የቆመውንም ሰው ምስክርነቱን ይጠይቀዋል። የናዝሬት አናጢ ቅዱስ ዮሴፍ በእጃቸው ለሚሠሩና የእጃቸውን ፍሬ ወደ ሩቅ ለሚልኩ ሁሉ ይለምንልን። አሜን።